በባላምባራስ መሬት ላይ ያልቆመ ጎጆ

ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር ደብረ ሲና ላይ ኮቱን፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሸሚዙን ያወልቃል። በ1962 ዓ.ም. ሚያዝያ ግን ትርንጎ ወልደማርያምን ያቃጠላት የቆላው ፀሐይ ብቻ አልነበረም። በአባቷ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ትሰፋለች፤ ሐሳቧ ግን ከመንገዱ ማዶ ካለው ከአሊዪ ጋራዥ ገብቶ አልወጣ ብሏታል። መርፌው ጣቷን በወጋት ቁጥር ጥፋቱን የምታሳብበው በበላይ ነበር።

በላይን የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አባቱ የባላምባራስ ወልደማርያም ጭሰኛ ነበር። እሱ ግን ሞፈሩን ትቶ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። የዚያን ጊዜ ረዳት ሥራው ከባድ ነው፤ መኪናው በጣርማ በር ዳገት ሲያቃስት ድንጋይ ታቅፎ ከኋላ ይሮጣል፣ ሞተሩ የደከመ እንደሆነ ድንጋዩን ጎማው ሥር ይወትፋል። ባላምባራስ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ "ያ ድንጋይ ተሸካሚ" ይሉት ነበር። በኋላ አናጢነት ተማረና ከአሊዪ ጋራዥ ጥግ ይዞ የመኪና ካቢና ይጠግናል፣ ለከተማው ሰው በርና አልጋ ይሠራል። ትርንጎን መቼ እንደወደዳት ቢጠይቁት አያውቀውም። እሷ ግን ቀኑን ታውቀዋለች። የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ሊጠግን መጥቶ ውሃ ለመናት፤ ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስላት ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ጣሳውን መቀበሏን ረስታ ቆማ ቀረች።

ከገና በኋላ በላይ ሽማግሌ ላከ። መምሬ ገብረሚካኤልና የጋራዡ ባለቤት አሊዪ አብረው ሄዱ፤ በይፋት ለአማላጅነት ክርስቲያንና እስላም ጎን ለጎን መቀመጡ የቆየ ነው። ባላምባራስ በተከበረ ሽማግሌ ፊት እንቢ ማለት ነውር ስለሆነባቸው እንቢታቸውን በእሺታ ጠቀለሉት። "ጎጆ ያሳየኝ" አሉ። "የራሱ የሆነ፣ በእኔ መሬት ላይ ያልቆመ ጎጆ። ያን ባሳየኝ ዕለት ልጄን እሰጠዋለሁ፤ ቃሌ ነው።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከሮቢ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያለው መሬት የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጭሰኛ በባላምባራስ መሬት ላይ ጎጆ ቢቀልስ፣ ልቀቅ በተባለ ቀን ምሰሶውን እንኳ ነቅሎ አይሄድም። በዚያ ላይ የባለ ወፍጮው ልጅ አየለ አለ። ወፍጮው ከባላምባራስ አጥር ጋር ይዋሰናል፤ ልጁም ጨዋ ነው፤ እሱም ለትርንጎ ሽማግሌ ልኮ፣ መልሱ ለሽማግሌዎቹ በዳግማይ ትንሣኤ ከሰዓት በኋላ ይነገራቸዋል ተብሏል።

እንግዲህ ትርንጎ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ በላይ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ነገር ያደርግ ይሆናል የሚለውን። በላይ ግን ከሁዳዴ አጋማሽ ጀምሮ ጠፋ። በገበያ ሲያገኛት ዓይኑን ይሰብራል፣ አቀርቅሮ በግንባሩ ሰላምታ ሰጥቷት ያልፋል። በመጨረሻ ወሬውን ያመጣችው የአሊዪ ሚስት ራቢዓ ናት። ቀሚሷን ልታሰፋ መጥታ፣ ልኳ እየተወሰደ ሳለ፣ እንደዘበት ጣል አደረገችው።

"ያ ያንቺ ሰው እንደ ተሳቢ ያለ ነገር እየሠራ ነው። ትናንት ጎማ ገጠመለት።"

ትርንጎ የያዘችው ሜትር ከእጇ ወደቀ። "ጎማ?"

"ሁለት ጎማ። ከአንዲት ከሞተች ትንሽ መኪና ላይ ነቅሎ ነው አሉ። አብሽሪ እንጂ፣ ምን አስደነገጠሽ?"

ትርንጎ ምንም እንዳልሆነች ተናገረች። ራቢዓ ከሄደች በኋላ ግን ቁጭ ብላ ነገሩን እንደ ጨርቅ ገለባበጠችው። ጎጆ የሚቀልስ ሰው ምሰሶ ይተክላል። ጎማ የሚገጥም ሰው ሊሄድ ነው። ወይ ወደ አሰብ፣ ወይ ወደ ደሴ፣ ብቻ ከሸዋ ሮቢት ውጭ ወዳለ ቦታ። ዓይኑን ይሰብርባት የነበረውም ለዚህ ኖሯል። ማልቀስ አማራት፤ ማልቀስ ይቀላት ነበር። ግን ንዴቱ ቀድሞ ደረሰና እንባው እንቢ አላት።

በማግስቱ ለስፌት መኪናዋ ዘይት ልለምን ብላ ጋራዥ ገባች። ዘይቱ ቤቷ ሞልቷል፤ ይህን እሷም አሊዪም ያውቃሉ። አሊዪ ከመኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ አያትና በጓሮ በኩል በእጁ አመለከታት፤ ከዚያም ወደ መኪናው ሥር ተመልሶ ገባ። አስተዋይ ሰው ነው።

በላይ ከግራሩ ጥላ ሥር ነበር። ጥጥ ሲያባዝት የዋለ ይመስል ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ተበትኗል። ከኋላው እንደ ሣጥን ያለ ነጭ ነገር በሁለት ጎማ ላይ ቆሟል።

"መቼ ነው የምትሄደው?" አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

"ወዴት?"

"ጎማው ወደሚወስድህ።"

በላይ መጋዙን አስቀመጠ። ከዚያ ያን ከገበያ ለገበያ የሰወረባትን ዓይን ቀና አድርጎ አያት፤ የጣሳው ዕለት እንዳያት አድርጎ። "አባትሽ በእኔ መሬት ላይ ያልቆመ ነው ያሉት" አላት። "መሬቱ ሁሉ የሳቸው ነው፤ መንገዱ ግን የመንግሥት ነው። ጎጆዬ መንገድ ዳር ይቆማል። ተነሣ ሲሉኝ እነሣለሁ፤ ጎጆዬም አብሮኝ ይነሣል። ምሰሶዬን ትቼ የምሄድበት ቀን አይኖርም።"

ትርንጎ በሆዷ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ተነነ። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ቀጥኖ።

"ሳይቆም ብነግርሽ ተስፋ ነው። ቆሞ ባሳይሽ ቤት ነው።"

ከዚያ እየዞረ አሳያት። ግድግዳው ፎም የሚባለው ቀላል ነጭ ሰሌዳ ነው። በወንዙ ዳር የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ሊሠሩ መጥተው የነበሩ ሰዎች ሥራውን ትተው ሲሄዱ ክምሩን የፈለገ ይውሰደው ብለው ነበር፤ ልጆች ሮቢ ላይ ሲንሳፈፉበት በላይ ሌላ ነገር ታየው። ሰሌዳውን በቀጫጭን የባሕር ዛፍ ማዕዘን ላይ አቆመው፤ ወለሉን ኮምፔንሳቶ አነጠፈበት። አንድ ሰው በአንድ እጁ ጫፉን ያነሣዋል። የሠራውን ስህተትም አልደበቃትም። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ማጣበቂያ ሲባል የሚያውቀው ጎማ የሚለጠፍበትን ማስቲሽ ነውና፣ የመጀመሪያውን ግድግዳ በእሱ ቀባው። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ቤንዚን ፎሙን ስኳር ውሃ ውስጥ እንደሚሟሟው አድርጎ በላው፤ እሱና አሊዪ ቆመው እያዩት ግድግዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ በእንጨት ኮላ ብቻ ነው የሠራው። ቀጥሎ የራቢዓ ዶሮዎች መጡ፤ ፎም ከገብስ የበለጠ እንደሚጥማቸው ታወቀና አንዱን ጥግ እንደ ወንፊት በሱት። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ከዚያ ሁሉ ንዴት በኋላ ሳቀች፤ በላይም ሳቋን ሲሰማ ዶሮዎቹን ይቅር አላቸው።

አንድ ነገር ግን አልሳካ ብሎታል። ፎም ብቻውን ዝናብና ጥፍር አይችልም፤ ቆዳ ያስፈልገዋል። በላይ አቡጀዲ አልብሶት በኮላ ቢቀባው ጨርቁ ሲደርቅ ላላ፤ እዚህም እዚያም ተንጠለጠለ። ትርንጎ ጨርቁን በጣቶቿ ጎተት አድርጋ አየችው።

"ጨርቁን መጀመሪያ ማን አጠበው?"

"እትዬ ራቢዓ። ንጹሕ ይሁን ብዬ።"

"ስህተትህ እሱ ነው" አለችው፤ አሁን ድምፅዋ የገዛ ቤቷ ውስጥ ያለች ሴት ድምፅ ሆኗል። "አቡጀዲ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ቀድማ የምታጥበው ከተሰፋ በኋላ እንዳይጠብባት ነው። አንተ ግን እንዲጠብብህ ነው የምትፈልገው። ያልታጠበ አምጣልኝ። እንደ ቀሚስ በልኩ እሰፋዋለሁ፤ አልብሰነው በኮላ ስናርሰው እዚያው ግድግዳው ላይ ይሰበሰብና ይወጠራል።"

እንዳለችውም ሆነ። ለአባቷ የራቢዓን ቤት ጨርቅ እሰፋለሁ እያለች ፀሐይ በረድ ሲል ትመጣለች፤ ነገሩ ሙሉ ውሸትም አልነበረም፣ ጨርቁ የሚሰፋው በራቢዓ በረንዳ ላይ ነው። ጎጆውን እንደ ሙሽራ ለካችው፤ ለበሩና ለመስኮቱ ቀደደችለት፣ ጠርዙን ደርባ መታችለት። ያልታጠበው አቡጀዲ በኮላ ርሶ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። የዶሮዎቹን ጉድጓድ በፎም ፍርፋሪና በኮላ ደፈኑት፤ ከላይ ቁራጭ ጨርቅ ለጠፉበት። ቀጥሎ ውኃ ሰማያዊ የበር ቀለም ሁለት እጅ ቀቡት። 

ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት አንድ ቀን እሷ በውጭ የመጨረሻውን ጨርቅ በመዳፏ እያለሰለሰች፣ በላይ ከውስጥ ሆኖ ግድግዳው እንዳይጎብጥ ደግፎ ይዞ ነበር። እጇ ከአንድ ቦታ ሲደርስ ከወዲያኛው በኩል የመዳፉ ግፊት ተሰማት። እጇን አላነሣችም። እሱም አላነሣም። ፎሙ በመካከላቸው ሞቀ፤ ኮላው ሊደርቅ ነው፣ ጨርቁ ሊሸበሸብ ነው፤ ትርንጎ ግን ዓለም ሁሉ እንዳለች ብትቆይላት ወደደች።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ቅዳሴ እንዳለቀ መምሬ ገብረሚካኤል ባላምባራስን ለአንድ ጉዳይ ይፈለጋሉ ብለው እስከ ሮቢ ድልድይ ድረስ አመጧቸው። አሊዪ ሰይቼንቶ በምትባል ትንሽ አሮጌ ፊያቱ ሰማያዊውን ጎጆ እየሳበ መጥቶ ከመንገዱ ዳር፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አቆመው። ያቺ የራሷን ጥላ መጎተት የማትችል መኪና ቤት ስትጎትት ያየ ሰው ሁሉ ተከትሏት መጥቷል። ትርንጎ ከሴቶቹ ጋር፣ ከራቢዓ ጎን ቆማለች።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ባላምባራስ፣ በእኛ ፊት የሰጡት ቃል ነበር። በመሬትዎ ላይ ያልቆመ ጎጆ አሳዩኝ ብለዋል። ይኸው።"

ባላምባራስ ጥላቸውን እንደዘረጉ ጎጆውን ዞሩት። ጎማውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያም ይህ ጎጆ ነው ወይስ የጭነት ሣጥን ሲሉ ጠየቁ፤ ሰዉ ሳቀ። በላይ ግን አልተሸማቀቀም። በሩን ከፈተና እጁን በደረቱ አጣጥፎ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ ጎጆ በውጭ አይታይም። ይግቡና ይዩት።"

ገቡ። ሸዋ ሮቢት በሚያዝያ እኩለ ቀን እንዴት እንደምታቃጥል የሚያውቅ ያውቃል፤ ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ ላቡን ይጠርጋል፣ ሽማግሌዎቹ በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። አሊዪ ተኙ እንዴ ብሎ በለሆሳስ ጠየቀ፤ መምሬ በክርናቸው ጎሸሙት። በመጨረሻ የባላምባራስ ድምፅ ከመስኮቱ ወጣ። የጠሩት በላይን አልነበረም።

"ትርንጎ። ነይ እስቲ።"

ስትገባ አባቷ ከጠባቧ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጥላቸው ተጣጥፏል፣ ካባቸው ወልቋል። ላባቸው ደርቋል።

"ይቀዘቅዛል" አሉ፣ የተበደሉ ያህል።

"ፎሙ ነው አባባ። የፀሐይ ግለት አያሳልፍም።"

"ሲያረጅስ?"

"በየዓመቱ ከክረምት በፊት ቀለም እንቀባዋለን። የተቦረቦረውን እንደፍነዋለን፣ ጨርቁ ከላላ ኮላ እናጠጣዋለን። ሳይጠገን የሚኖር ቤት የት አለ?"

ባላምባራስ "እንቀባዋለን" የሚለውን ሰሙ። ቀና ብለው ጠርዙን፣ በእጥፍ የተመታውን የመስኮቱን ስፌት አዩ፤ የልጃቸውን እጅ የማያውቁ አባት አይደሉም። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

"ጎማ አለው።"

"አዎ።"

"እናትሽ ካረፈች ወዲህ ጠዋት የምነቃው በስፌት መኪናሽ ድምፅ ነው። አየለን የመረጥኩልሽ ወፍጮው ከአጥራችን ጋር ስለሚዋሰን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ይኼ ልጅ ግን ቤትሽን በጎማ ላይ አቁሞታል። አንድ ጠዋት ብነሣ መንገዱ ባዶ ነው።"

ትርንጎ ይህን አልጠበቀችም። እሷን ያን ዕለት በበረንዳው ላይ ያንገበገባት ያው ፍርሃት በአባቷ ፊት ላይ ተቀምጦ አየችው። አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ጎጆው ሁለት ሰው ሲቀመጥበት በጎማው ላይ ትንሽ ዘመም አለ።

"እኔም ጎማ ገጠመ ሲሉኝ እንዳንቱ ነው የደነገጥኩት" አለች። "ሊሄድ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን የገጠመው እኔን ለማግኘት ነው፤ መሬት ቢያገኝ ምሰሶ ይተክል ነበር። መሬቱን የከለከሉት አንቱ ነዎት አባባ። ይህን ጎጆ ጎማ ያበጁለት አንቱ ነዎት።"

ሌላ ቀን ቢሆን ይቆጡ ነበር። ያን ቀን ግን ካባቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ለበሱና ወጡ። የሰዉ ጫጫታ ረገበ።

"ሽማግሌዎች" አሉ፣ "ቃሌን ፍቱልኝ።"

መምሬ ገብረሚካኤል ግራ ገባቸው። በሽማግሌ ፊት የታሰረ ቃል በሽማግሌ እንጂ በሌላ አይፈታም፤ ባላምባራስ ወልደማርያም ደግሞ ቃላቸውን ፍቱልኝ ብለው አያውቁም። "የትኛውን ቃል?" አሉ በስጋት።

"ልጄን እሰጠዋለሁ ያልኩት ይጸናል፤ ለባለ ወፍጮው ሰዎች እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። በመሬቴ ላይ አይቁም ያልኩትን ግን ፍቱልኝ። ጎጆው ከግቢዬ፣ ከማንጎው ሥር ይቁምልኝ። የሚቆምበትን ያህል መሬት፣ በእናንተ ፊት፣ የነሱ ይሁን ብያለሁ።"

 ጌታው የጭሰኛውን ልጅ ለመኑት፤ ያውም ቤትህን በመሬቴ ላይ አቁምልኝ ብለው። አሊዪ "አልሐምዱሊላህ" አለ በለሆሳስ። መምሬ ግን ወደ በላይ ዞሩ፤ መልሱ የሱ ነበርና። በላይ ይህን ጎጆ ሲሠራ በባላምባራስ መሬት ላይ ላያቆመው ምሎ ነበር። ወደ ትርንጎ ተመለከተ።

"ጎጆው የኔ ብቻ አይደለም" አለ። "ቆዳውን የሰፋችለት እሷ ናት። እሷ ትናገር።"

በሽማግሌ ጉባኤ ልጃገረድ አትናገርም። ራቢዓ ከኋላ በክርኗ ገፋ አደረገቻት። ትርንጎ ነጠላዋን አስተካክላ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች፤ አባቷንና በላይን እኩል አየቻቸው።

"ይቁም" አለች። "ጎማው ግን አይወልቅም።"

ባላምባራስ ጎማውን አዩት። "አይውለቅ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቃሉን ፈቱ፤ መረቁም። አሊዪ ሰይቼንቶውን አስነሣ፤ ሰዉም ከጎን ከጎን እየደገፈ፣ እልል እየተባለ ጎጆው ወደ ባላምባራስ ግቢ ገባ። ግቢው ወደ ወንዙ ዘመም ያለ ነው። ከማንጎው ሥር አቁመው ከመኪናዋ ሲፈቱት፣ በዚያ ቅለቱ፣ በቀስታ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ። በላይ እንደለመደው ድንጋይ ለማግኘት ዘወር አለ።

ባላምባራስ ግን ቀደሙት። ካባቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሡ፤ በሕይወታቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲያነሡ ያያቸው ሰው የለም። ተንበርክከው ጎማው ሥር ወተፉት። ጎጆው ቆመ። እዚያው እንደተንበረከኩ፣ አፈር የነካውን እጃቸውን እያራገፉ ቀና አሉ።

"በላይ" አሉት። "ያዘልህ?"

በላይ ጎማውን ማየት ረስቶ እሳቸውን አየ፤ ስሙን ከእኚህ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ትርንጎ በእሱ ፈንታ "ይዟል አባባ" አለች። ያኔ በበረንዳው ላይ እንቢ ያላት እንባ አሁን ሳትጠራው መጣ፤ እሷም አልጠረገችውም።